በጋሪ የበረርኩባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሳራን አውሮፕላን ማረፊያ ላደርስ ሄጄ የመኪናውን መስኮት ዝቅ ሳደርግ ያ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። የአውሮፕላን ነዳጅ ለሌላ ሰው ምን ምን እንደሚሸት አላውቅም፤ ለእኔ ግን ላምባ ነው፤ ልብስ ላይ አንዴ ከተቀመጠ በአንድ እጥበት የማይለቅ ላምባ። ልጄ አየት አደረገችኝና «ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?» አለችኝ። «ኦኬ ነኝ፣ ሻንጣሽን አውጪ፤ እዚህ ፓርክ ማድረግ አይፈቀድም» አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝና እየተጣደፈች ገባች። እኔ ግን ፖሊሱ መጥቶ በእጁ ሂጂ እስኪለኝ ድረስ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ ሽታ ባሌ ታፈሰ ከሥራ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባ የነበረ ሽታ ነው። ታፈሰን ጌታ ከሰበሰበው ዓመታት አልፈዋል፤ ልብሶቹንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ። ሽታውን ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ አግኝቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቴክሳስ፣ ከዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለች ዩለስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ግማሹ ጎረቤታችን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሻንጣ የሚጭን፣ ወለል የሚጠርግ፣ ምግብ በትሪ የሚደረድር፣ ታክሲ ተራ የሚጠብቅ። አፓርታማው ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ ደረጃው በውጭ ነው፤ እኛ ላይ ነን፤ ከበራችን ስንወጣ የብረት መደገፊያ ያለው ረጅም በረንዳ አለ፤ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያው ተዘርግቷል። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይንጫጫሉ፤ እኛም ወሬያችንን እዚያው ላይ አቁመን ሲያልፍ እንቀጥላለን። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር ፈቅ የማይልበት ጊዜ ነበር። የዶሮ እግር በትልቅ ከረጢት እየገዛን ሳምንቱን ሙሉ እንበላለን። ስልክ ነበር ውዱ፤ ካርድ ገዝተሽ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ፍቀሽ፣ ቤተሰብ ጋ ደውለሽ፣ የጤና መጠያየቁ ሳያልቅ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ደቂቃሽ አልቋል ትልሻለች። እሁድ ከሰዓት የአሜሪካኖቹን አዳራሽ ተከራይተን እናመልክ ነበር። እኛ ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት በሽንሽን ጉርድ፣ ወንዶቹ ወገቡ ላይ የተጣጠፈ ሰፊ ሱሪ፣ ቀበቷቸው ላይ ፔጀር። መዝሙር በካሴት ነው፤ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ እናጠነጥነዋለን። አሁን ፕሌኖ ከተማ ሳራ ቤት ስሄድ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥኑን በአፋቸው አዘው መዝሙር ያወጡልኛል፤ ደስ ይለኛል፤ ግን እርሳሱን ይዞ የሚያጠነጥነው እጅ ትዝ ይለኛል።

ታፈሰ አገር ቤት ሳለ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ ምጽዋ። መርከብ ላይ አይደለም፤ ሄሊኮፕተር ላይ። አብራሪም አይደለም። ሥራው ከኋላ በተከፈተው በር ላይ በቀበቶ ታስሮ ተንበርክኮ፣ በዊንች፣ ማለትም ገመድ በሚጠቀልል ሞተር፣ የብረት ገመድ ወደ ባሕሩ እየለቀቀ ሰው ማውጣት ነበር። ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለሱ የቀረው አይገባምና። አብራሪው ከሥሩ ያለውን አያይም። ዓይኑን ሩቅ ቦታ ላይ ተክሎ ይይዛል እንጂ ውሃው ውስጥ ያለው ሰው የት እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ከኋላ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ይናገራል፤ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ባለህበት፣ ገመድ እየወረደ ነው፣ ሰውየው ይዟል፣ እየወጣ ነው። ዝም ካለ አደጋ ነው። ድምፁ ከጠፋ አብራሪው ሥራውን አቁሞ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ደንቡ ነው።

እንግዲህ ዕድሜውን ባለማቋረጥ በመናገር ያሳለፈ ሰው፣ ቴክሳስ ከገባን በኋላ ዝም አለ። ባሕር ኃይሉ ተበትኖ፣ ባሕሩን ወደ ማዶ ተሻግሮ፣ የስደተኛ ካምፕ ከርሞ፣ እኔንና ሕፃኗን ሳራን አግኝቶ ዩለስ ደረሰ፤ ሻንጣ ጫኝ ሆነ፤ ዝም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ደመወዙንም እንዳለ ነበር የሚሰጠኝ። ግን ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ከዚያ የአየር ጠባይ የሚነገርበትን ጣቢያ ከፍቶ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያያል። ቤታችን ውስጥ የሚያወራው እሱ ጣቢያ ብቻ ነበር። እኔ ዕቃ ሳጥብ ብቻዬን ለጌታ አወራለሁ። አንድ ቀን «ለማን ነው?» አለኝ ከሳሎን። «ለሚሰማኝ» አልኩት። የጣቢያውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ነገሩን የለወጠው ዴል የሚባል ጎረቤታችን ነው። ምድር ቤት ይኖር የነበረ፣ በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ሆኖ፣ ከዳላስ ወዲህ ሐይቅ ዳር ወደነበረው የጦር ሰፈር ለበረራ የሚሄድ ረጅም ቀይ ሰው። አንድ ቀን የበረራ ልብሱን ደጁ ላይ አስጥቶ ሳለ ታፈሰ አየው። ቆመ። ዴል ብቅ ሲል በእጁ ገመድ መልቀቂያውን አሳየው፤ በአየር ላይ፣ ጣቱን እየነቀነቀ። ዴል የራሱን እጅ አነሳና ያንኑ አሳየው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መኪና ማቆሚያው ውስጥ የሌለ ገመድ ሲያወርዱ ከላይ ሆኜ አየሁ። ታፈሰ በዚያች ግማሽ ሰዓት የተናገረውን ያህል በዓመት አልነገረኝም ብል አልዋሽም።

ዴል በቴክሳስ ደቡብ ባሕረ ሰላጤው ዳር ያለ አንድ ድርጅት የዊንች ሰዎች ሊቀጥር እንደሆነ ነገረው፤ ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጡትን ሠራተኞች ሲታመሙ የሚያነሳ። «ስለ ወረቀትህ እኔ ላናግራቸው» አለው። «ግን ከረንት አይደለህም።» ይህች ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገባች። ታፈሰ እራት ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ ያብራራልኝ ጀመር። «ሮማን፣ ማለቴ፣ መቻል ብቻ አይበቃም። በቅርቡ መሥራት አለብሽ። ቀን ያነሳ ሰው ለሌሊት ከረንት አይደለም። መሬት ላይ ያነሳ ለውሃ ከረንት አይደለም። ጊዜው ካለፈብሽ ብቻሽን አይለቁሽም፤ አስተማሪ ከኋላሽ ይቆማል፣ በሱ ፊት አንስተሽ ነው የምትመለሺው።»

«በጣም ካለፈስ?» አልኩት።

«በጣም ካለፈ ከሀ ትጀምሪያለሽ» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገ። «የኔ በጣም አልፏል። ግን ዴል የሚያውቀው የድርጅቱ ሰው በፈተና ያየኛል። ሐይቅ ላይ፣ በአስተማሪ ፊት ጥቂት ካነሳሁ ይቀበለኛል።»

የፈተናው ጊዜ እስኪደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ጀመርን። ሄሊኮፕተር አልነበረንም፤ ጋሪ ግን ነበረን። ሰዎች ከገበያ አዳራሹ ገፍተው አምጥተው አፓርታማው ውስጥ የሚተዉት የብረት ጋሪ። እኔ የሰው ዕቃ ያለፈቃድ መንካት አይሆንልኝም፤ ሄጄ የገበያ አዳራሹን ሥራ አስኪያጅ ጠየቅኩት። ልጅ እግር ነው፤ «ማዳም፣ ለምንድነው የሚፈልጉት?» አለኝ። «ባሌ ሊለማመድበት» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ብቻ መልሱልን» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እየገፋሁ መለስኩለት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ታፈሰ የድሮ የሥራ ጫማውን አንዱን እግር አስፋልቱ መሃል ያስቀምጣል፤ እሱ ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እኔ ጋሪውን ይዤ ዳር እቆማለሁ፤ አብራሪው ነኝ። ዓይኔን ከአጥሩ ወዲያ ባለው የስልክ እንጨት ላይ እተክላለሁ፤ ወደ ታች ማየት ክልክል ነው። እሱ ላይ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ በብረቱ መሃል ቁልቁል እያየ ይመራኛል። ጋሪው ልክ ጫማው ላይ ሲደርስ መቆም አለበት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሞከርነው፤ ግን ቀኝና ግራ በእንግሊዝኛ ሲፈጥንብኝ እጄ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንዴ የሰው መኪና ልነካ ምንም አልቀረኝም። ታፈሰ «ተይው፣ በአማርኛ ይሁን። ዋናው ዓይኔና አፌ እንደገና እንዲገናኙ ነው» አለ። ዴልም ደጁ ላይ ቢራውን ይዞ ሲያየን ቆይቶ ቋንቋውን ባያውቅም ምቱ ትክክል ነው አለን።

«ወደፊት። ወደፊት በቀስታ። ሮማን፣ ጥሩ ነሽ፣ ወደፊት። ቀኝ ትንሽ። ትንሽ። በቃሽ። ወደፊት አንድ እርምጃ። ቁሚ። ባለሽበት። ገመድ እየወረደ ነው።»

ይህን ድምፅ እንዴት ልግለጸው። አያስቸኩልም፣ አይቆጣም፣ አያቋርጥም። አንድ ሰው አንቺን ብቻ እያየ፣ እግርሽ የት እንደሚያርፍ ሳይቀር እያሰበ ሲናገርሽ እስቲ አስቢው። ብዙ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲያ አልተነገረኝም። የስልክ እንጨቱን እያየሁ ጋሪውን እገፋለሁ፤ ጀርባዬ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። አንዳንዴ አውቄ ዘግየት እላለሁ፤ «ሮማን፣ አለሁ፣ ነይ» ይለኛል። ዛሬ ሳራ ስልኬ ላይ መንገድ የሚነግረኝ ነገር አስገብታልኛለች፤ ከሩብ ማይል በኋላ ወደ ቀኝ ይለኛል፤ ስሳሳት አዲስ መንገድ ይፈልግልኛል፤ አይደክመውም። ግን አያየኝም። ሬስቶራንት ፊት ለፊት አቁሜ ብዘገይ ለምን ዘገየሽ አይለኝም።

እህት አስቴር ከቤተ ክርስቲያን አንድ ቅዳሜ ሳትነግረን መጣች። ጉርዴን አንስቼ ባዶ ጋሪ ስገፋ፣ ባሌ ከላይ ተንበርክኮ ሲያዘኝ አገኘችን። መኪናዋ ውስጥ ሆና ብዙ አየችን መሰለኝ፤ ስትወርድ ፊቷ ጠቁሯል።

«እህት ሮማን፣ በጌታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እየቀጣሽ ነው?»

«አይደለም። አብራሪ ነኝ።»

«የምን አብራሪ?»

«የሄሊኮፕተር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ወር። ጥሩ ነሽ ይለኛል።»

ቀና ብላ ታፈሰን አየችው። «ወንድም ታፈሰ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቀኝ ስላት አልፎ አልፎ ታበዛዋለች እንጂ ጥሩ ናት» አለ። እህት አስቴር አልሳቀችም። በሚቀጥለው እሁድ በጸሎት ርእሶች መካከል «በፈተና ውስጥ ስላለ አንድ ትዳር» ተብሎ ተነበበ፤ እኔና ታፈሰ ጎን ለጎን ተቀምጠን አሜን አልን። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳቀ። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ ሥራው እንዴት እንደምጸልይ አልገባኝም ነበር። ድርጅቱ ያለው ባሕረ ሰላጤው ዳር ነው፤ በመኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል። ካለፈ ሄደ ማለት ነው፤ ሳምንት እዚያ፣ ጥቂት ቀን እዚህ። እኔ ሥራ አለኝ፤ ሳራ ትምህርት ጀምራለች። ካለፈ ያ ድምፅ ለሌላ አብራሪ ነው። ካላለፈ ደግሞ ሰውየው ወደ አየር ጠባይ ጣቢያው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለማንም አይሆንም። «ጌታ ሆይ ስጠው» ለማለት አፌን ስከፍት ይይዘኛል፤ «አትስጠው» ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ፈቃድህ ይሁን እያልኩ ሰነበትኩ፤ ደህና ጸሎት ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ፈሪ መጠለያም ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከፎርት ዎርዝ ወዲያ ባለ ሐይቅ ነው ፈተናው፤ የደቡብ ነፋስ ሣሩን ያስተኛል። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እጁን ጓንት ውስጥ እያስገባ እያወጣ ተቀምጧል። የሚፈትነው ሰውዬ ሸበቶ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ጠየቀው፤ ገመዱ ውሃውን ሳይነካ ለምን ሰው አይነካውም፣ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ያከማቸው ኤሌክትሪክ እንዳይመታው፤ ገመዱ ቢያያዝ ምን ታደርጋለህ፤ ብትወድቁና ሄሊኮፕተሩ ውሃ ውስጥ ቢገለበጥ ቀበቶህን መቼ ትፈታለህ፣ መንቀሳቀሱ ሲቆም። ታፈሰ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጥርት አድርጎ መለሰ። «ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃ ላይ ሰው ያነሳኸው መቼ ነው?» አለው። ታፈሰ እውነቱን ነገረው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው ዛሬ አስተማሪዬ ከኋላህ ነው» አለው።

እኔ ሐይቁ ዳር መኪናው ውስጥ ሆኜ አየሁ። ዴል አብሯቸው ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ገባ። ውሃው ላይ አንድ ጀልባ አለ፤ ከጀልባዋ አጠገብ ሰው የሚመስል ብርቱካናማ አሻንጉሊት ይንሳፈፋል። ሄሊኮፕተሩ መጣ፣ ቆመ፣ ውሃው ከሥሩ ነጭ ሆነ። ገመዱ ወረደ። አሻንጉሊቱ ወጣ። እንደገና ጣሉት፤ እንደገና ወጣ። የጋሪውን እጀታ የያዝኩ ይመስል መሪውን ጨብጫለሁ፤ ቀኝ ሲል በእግሬ አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ነፋሱ በረታ። ገመዱ መወዛወዝ ጀመረ፤ ሄሊኮፕተሩም ቀስ እያለ ወደ ጀልባዋ ምሰሶ ተንሸራተተ። ቁም ሊለው ነው አልኩ። አልቆመም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ከፍ አለና ሐይቁን ትቶ ሄደ።

ማንም አልተጎዳም። ካረፉ በኋላ ወደ እኔ የመጣው ዴል ነው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

«ድንቅ ነበር» አለኝ። «ሁለቱን እንደሱ ያነሳ ሰው አላየሁም። ሦስተኛው ላይ ግን በእናንተ ቋንቋ ተናገረ። አብራሪው የማያውቀው ቃል ሲሰማ፣ ለሱ ዝምታ ማለት ነው፤ ስለዚህ ደንቡን ፈጸመ፤ ተወና ሄደ።» ኮፍያውን ራሱ ላይ መልሶ፣ «ሮማን፣ ስምሽን ሰማሁት» አለኝ። «በጆሮ ማዳመጫው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ሸበቶው ሰውዬ ለታፈሰ እጁን ዘረጋለት፤ በሚቀጥለው ስንቀጥር ኮርሱን ከመጀመሪያው ወስደህ ና አለው፤ በትሕትና ነው ያለው። ታፈሰ አመሰገነው። የሚቀጥለው ግን ሳይመጣ ታፈሰ ሻንጣ ሲያነሳ ወገቡ ተጎዳ፤ ለበረራ የሚሆን የሐኪም ወረቀት ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው አልነበረም። ዴል የሚበርበት የጦር ሰፈርም ተዘግቶ ሰዎቹ ወደ ፎርት ዎርዝ ተዛወሩ፤ ዴልም ቤት ለቀቀ። አፓርታማውን አሁን ቀለም ቀይረውታል፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ለመንደሩ ልጆች የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ተክለውበታል። ታፈሰ እስከ መጨረሻው እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ቀለል ያለ ሥራ ሲሠራ ኖረ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ተቀባይ ሆኖ አገለገለ፤ አባባ ታፈሰ ተባለ። እኔ ሌላ ጋሪ ላምጣ አላልኩትም፤ እሱም አምጪ አላለኝም።

ያን ቀን ስንመለስ ግን ብዙ መንገድ ዝም ብሎ መጣ። ጓንቶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ዩለስ ልንገባ ስንል መብራት ያዘን።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

መስኮቱን እያየ፣ «ሮማን፣ ቁሚ፣ ባለሽበት» አለ።

እሱ ቀጠለ፤ እንደ መውቀስም እንደ ማዘንም አይደለም፤ የሥራ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው።

«አንቺ ብትሆኚ ትቆሚ ነበር።»

«እቆም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋብን። ታፈሰ እንድሄድ አልነገረኝም፤ እኔም ትንሽ ቆየሁ።